እርማት፦ ጊታር ኮፒ በማድረግ አይሰፋም

አቦ፣ ድምፃዊ ለሌለው የጎቲክ ሜታል (ጨለም ያለ ከባድ ሮክ) አልበማችሁ «ሪትም ጊታሩን (ምቱን የሚይዘውን) አንዴ ቀድቶ፣ ያንኑ ኮፒ አድርጎ ግራና ቀኝ ማድረግ ድምፁን ያሰፋዋል» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ከሆነ ጆሮ የሚሰማው መሀል የተቀመጠ አንድ ጊታር ነው፤ የሚጨምረው ጩኸት ብቻ። ስፋት የሚመጣው ከልዩነት ነው። ያንኑ ሪፍ (ተደጋጋሚውን የጊታር ሐረግ) ሁለቴ ተጫውታችሁ ቅዱት፤ አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ። ኮፒውን 15 ሚሊሰከንድ ማዘግየትም አያዋጣም፤ በአንድ ስፒከር፣ ለምሳሌ ባጃጅ ውስጥ፣ ሲከፈት ሁለቱ ድምፆች ይጠፋፉና ጊታሩ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።

ለየብቻ የተቀዱት ሁለቱ ጊታሮች ሲደረቡ ዲስቶርሽኑም (ሻካራው ድምፅ) ይደረባል። ስለዚህ ጌይኑን (የዲስቶርሽኑን መጠን) ለብቻው ሲሰማ ከምትወዱት ዝቅ አድርጉት፤ አለዚያ የፒኩ (የክር መምቻው) ምት ይዋጣል። ከጊታሩ ድምፅ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ክፍል ቁረጡና ለቤዝና ለከበሮ ልቀቁ። ዘፋኝ ስለሌለ ዜማውን የያዘው ኪቦርድ ወይም ሊድ ጊታር መሀል ይሁን።

ደግሞ የድሬ ሙቀት አለላችሁ! ክር ሲሞቅ ይላላል፣ ቃናው ይወርዳል፤ ዝቅ ብሎ የተቃኘ ጊታር ላይ ደግሞ ይብሳል። በየቅጂው መሀል ቃኙ። ጠዋት የተቀዳው ግራ ቀትር ላይ ከተቀዳው ቀኝ ጋር አልገጥም የሚለው በዚህ ነው።