ተዘጋባቸው፤ ማን ዘጋባቸው?

ባለፈው የአውሮፓ ጸደይ ሮም በነበርኩበት ጊዜ፣ አንድ እሑድ ጠዋት በቲቤር ወንዝ ዳር የሚገኘውን የቀድሞውን የአይሁድ ሠፈር ከአስጎብኚ ጋር በእግር ዞሬ ጎበኘሁ። ጉብኝቱ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። አስጎብኚያችን ጨዋና የተማረች ሴት ነበረች፤ በእርሷ ላይ የማቀርበው አቤቱታ የለኝም። የማነሣው ነገር ከእርሷ በላይ የሆነ አንድ የአነጋገር ልማድ ነው። ከመነሻችን እስከ መድረሻችን በአይሁዳውያኑ ላይ የደረሰው ሁሉ የተተረከልን በተደራጊ ግስ ነበር፦ በግንብ ታጠሩ፤ ቢጫ ቆብ እንዲያደርጉ ተገደዱ፤ ቤትና መሬት እንዳይኖራቸው ተከለከሉ፤ በአንድ ማለዳ ተሰብስበው ተወሰዱ። ማን እንዳጠራቸው፣ ማን እንደከለከላቸውና ማን እንደወሰዳቸው ግን ሳይነገር አለፈ። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ባለቤቱን ፈልጋችሁ አስምሩበት እየተባልን ያደግን ሰዎች ይህ ጆሯችንን መቆርቆሩ አይቀርም።

ባለቤቱ ደግሞ የሚታወቅ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ አራተኛ በመንበሩ ከተቀመጠ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጁላይ 14 ቀን 1555፣ አይሁዳውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው በአንድ ሠፈር ብቻ እንዲኖሩ አዋጅ አወጣ። በአዋጁ መሠረት ወንዶቹ ከሩቅ የሚለያቸው ቢጫ ቆብ ማድረግ ነበረባቸው፤ ያላቸውን ቤትና መሬት መሸጥ ነበረባቸው፤ ሐኪሞቻቸው ክርስቲያን በሽተኛ እንዳያክሙ፣ ነጋዴዎቻቸውም ከአሮጌ ልብስ በቀር እንዳይነግዱ ታዘዘ። ይህ የሆነው ከክርስትና መወለድ በፊት ጀምሮ በሮም ይኖር በነበረ ሕዝብ ላይ ነው፤ ከተማዋ ጳጳስ ሳይኖራት እነርሱ ነበሯት። ግንቡም ተሠራ፤ ወጪውን ግን ጳጳሱ በራሳቸው በአይሁዳውያኑ ላይ ጣለ። ሰውን አስሮ የካቴናውን ዋጋ ከእስረኛው እንደመቀበል ነው።

ጎብኚ ሊሰማው ይገባ ነበር ብዬ የማምነው የሠፈሩ እውነተኛ ታሪክ ያለው ከግንቡ ይልቅ በግንቡ ውስጥ በተፈጠሩት ብልሃቶች ላይ ነው። አዋጁ ከአንድ ምኵራብ በላይ እንዳይኖር ይከለክል ነበር፤ በሠፈሩ ውስጥ ግን የሮም ነባር አይሁዳውያን ብቻ ሳይሆኑ ከሲሲሊ፣ ከካታሎንያና ከካስቲልያ ተሰደው የመጡ፣ የየራሳቸው ሥርዓተ ጸሎት ያላቸው ማኅበረሰቦችም ነበሩ። መፍትሔው አንድ ሕንፃ ሠርቶ አምስት ምኵራብ በአንድ ጣሪያ ሥር ማስገባት ሆነ። ሕንፃው በ1893 በእሳት ቃጠሎ ተጎድቶ በኋላ ቢፈርስም፣ የቆመበት አደባባይ እስከ ዛሬ የአምስቱ ምኵራቦች ስም አለው። የቤቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። አይሁዳዊው ቤት የራሱ ማድረግ ስለማይችል ለዘለዓለም የክርስቲያን ባለቤት ተከራይ ሆኖ ነበር፤ መውጫ ለሌለው ተከራይ ባለቤቱ ኪራዩን እንደፈለገ ይጨምርበታል ተብሎ ስለተፈራ ኪራይ እንዳይጨመርና ተከራይ እንዳይባረር የሚከለክል ሥርዓት ወጣ። ከዚህ የተነሣ የተከራይነት መብቱ ራሱ እንደ ንብረት ይሸጥ፣ ይለወጥ፣ ለሴት ልጅ ጥሎሽ ይሰጥ፣ ለልጅ ልጅም ይተላለፍ ነበር። በእኛ አገር ርስት የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው፣ ርስት የተከለከለ ሕዝብ ኪራይን ርስት ሲያደርግ ማየት ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። አስጎብኚያችን ይህን ሁሉ ያለፈችው «አስቸጋሪ ኑሮ ነበራቸው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

በሠፈሩ ዳር፣ ከወንዙ ድልድይ ትይዩ የጎርጎርዮስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከበሯ በላይ፣ እግዚአብሔር ወደ ዓመፀኛ ሕዝብ ቀኑን ሙሉ እጁን መዘርጋቱን የሚናገረው የኢሳይያስ ቃል በዕብራይስጥና በላቲን ተጽፏል። በዕብራይስጥ የተጻፈው አይሁዳውያኑ ሲወጡና ሲገቡ እንዲያነቡት ነው፤ የገዛ ነቢያቸውን ቃል መስደቢያቸው አድርገው አቆሙላቸው። ከዚህም አልፎ ጳጳሳቱ አይሁዳውያኑን በሰንበታቸው እያስገደዱ የክርስቲያን ስብከት ያሰሟቸው ነበር፤ አድማጮቹ ጆሯቸውን በሰም ደፍነው ይገቡ እንደነበር ይተረካል።

ግንቡ በ1848 ፈረሰ፤ የጳጳሳቱ መንግሥት በ1870 ሲወድቅ ገደቡ ሁሉ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ የሠፈሩ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የወንዙ ዳርና ዳር በድንጋይ ተገነባ፤ በ1904 ደግሞ አራት ማዕዘን ጉልላት ያለው ታላቁ ምኵራብ ተመረቀ። ይህን ቸኩዬ የምናገረው ለአንድ ነገር ስለፈለግሁት ነው። ዛሬ ወደ ስፍራው የሚሄድ ሰው የግንቡን ሠፈር አያገኘውም፤ የለም። የሚያገኘው ሰፋ ያለ ጎዳና፣ የምግብ ቤት ወንበሮችና የጥንት ሮማውያን ፍርስራሽ ነው። የአምስቱ ምኵራቦች ሕንፃ የለም፤ በሮቹ የሉም። በጎብኚውና ሊያየው በማይችለው ነገር መካከል የቆመው የአስጎብኚው ቃል ብቻ ስለሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲጎድለው ታሪኩ ራሱ ባለቤት ያጣል። ዓይን የሚያርመው ነገር በሌለበት ቦታ ሰዋስው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ዋናው ጎዳና ከሚያልቅበት አጠገብ ያለው ስፍራ ኦክቶበር 16 ቀን 1943 ተብሎ ተሰይሟል። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ የጀርመን ወታደሮች ሠፈሩን ከበው ቤት ለቤት እየገቡ ሰው ሰበሰቡ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ከ1,000 በላይ የሚሆኑትን በባቡር ወደ አውሽቪትዝ የመግደያ ጣቢያ ላኳቸው። ከእነዚያ ውስጥ የተመለሱት 16 ብቻ ሲሆኑ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ከጥቂት ሳምንት በፊት በሮም የነበረው የናዚዎቹ የኤስኤስ ኃይል አዛዥ ሄርበርት ካፕለር በ36 ሰዓት ውስጥ 50 ኪሎ ግራም ወርቅ ካላመጣችሁ እያለ አስፈራርቷቸው፣ ከቀለበትና ከጆሮ ጌጥ ለቃቅመው አስረክበውት ነበር። በግድግዳው ላይ ያለው የመታሰቢያ ጽሑፍ ግን አይሁዳውያንን የማደኑ ሥራ ከዚህ እንደተጀመረና 2,091 የሮም ዜጎች ወደ ናዚ የመግደያ ጣቢያዎች እንደተላኩ ይናገራል፤ ተጀመረ፣ ተላኩ። በየደጃፉ መሬት ላይ የተቀበሩት ትናንሽ ናስ የተለበጡ ድንጋዮችም ስም፣ የትውልድ ዘመንና ሦስት ቃላት ይዘዋል፦ ተያዘ፣ ተጋዘ፣ ተገደለ። በአንዲት መዳፍ በምታህል ናስ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ይጻፍ ብዬ አልከራከርም። ድንጋዩ የማይችለውን እንዲናገር ግን አስጎብኚ ተቀጥሯል።

ሊነገር የሚገባው ደግሞ ካፕለርና ጀርመኖቹ ብቻ አይደሉም። የጣልያን መንግሥት ራሱ በኦገስት 1938 በግዛቱ ያሉትን አይሁዳውያን በሙሉ ቆጥሮ መዝግቦ ነበር፤ ጀርመኖች ሮምን በያዙ ጊዜ የአይሁዳውያኑ ስምና አድራሻ በመንግሥት መዝገብ ቤት ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 17 ቀን አይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራ ያባረረውና ከሌሎች ጣልያኖች ጋር እንዳይጋቡ የከለከለው ሕግ ወጣ። ይህን ሕግ አንድ ኢትዮጵያዊ አንባቢ መግቢያውን ቢያየው ይደነግጣል፤ ሕጉን የፈረመው ቪቶሪዮ ኤማኑኤል ሦስተኛ ማዕረጉን የገለጸው የጣልያን ንጉሥ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እያለ ነው።

አጋጣሚ አይደለም። ከአይሁዳውያኑ ሕግ አንድ ዓመት ተኩል አስቀድሞ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1937፣ ማለትም በአዲስ አበባ ከደረሰው የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ልክ ሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ጣልያናዊ ከምሥራቅ አፍሪካ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር የሚያዝዝ ሕግ ወጥቶ ነበር። ዘርን ከዘር የሚለየውን ሕግ አስቀድመው የጻፉት በእኛ ላይ ነው፤ ወደ ቲቤር ዳር ያደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። በዚሁ በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልትም ከዚህ ሠፈር ብዙ በማይርቅ፣ በእግር ሊደረስ በሚችል አደባባይ ላይ እስከ 2003 ቆሞ ነበር። የነገሩ መወሳሰብ እንዳይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በ1936 የጣልያን የአይሁድ ማኅበረሰቦች ኅብረት ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦ የተባለ ሰው ቤተ እስራኤልን እንዲጎበኝ ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር፤ ወንድሞቹን ለማግኘት የመጣው በወራሪው ጦር ጥላ ሥር ሆኖ ነው፤ በ1940 ደግሞ ያው መንግሥት እርሱኑ አሰረው።

አስጎብኚዎች የሚያቀርቡትን ምክንያት አውቃለሁ፤ ገሚሱም ሚዛን የሚደፋ ነው። ከአሥራ አምስት አገር የመጣ ሰው ፊት ቆመህ የአንዱን ሃይማኖት መሪ በስም መውቀስ ገበያ ያበላሻል፤ ያልሠራውን የልጅ ልጅ ማሳፈርም ተገቢ አይደለም። በዚያ ላይ ሁሉም ጉብኝት የሚያልቀው በምሳ ነው፤ የሠፈሩ ስመ ጥር ምግብ የሆነው፣ በዘይት ሁለቴ ተጠብሶ እንደ አበባ የሚፈካው አርቲቾክ የተባለ አትክልት እየጠበቀ ስለ ካፕለር ማውራት አይመችም። (እኔም በልቼዋለሁ፤ ፎቶግራፉም አለኝ።) ነገር ግን ስምን መጥራትና ዘርን መውቀስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም ድርጊቱ ባለቤት ሲያጣ ነው ጥፋቱ በጅምላ የሚታደለው፤ ጳውሎስ አራተኛ ካልተባለ «ያኔ ዘመኑ እንዲያ ነበር» ይባላል፤ በዘመኑ ደግሞ ሁሉም ይኖርበታል።

በጉብኝቱ መጨረሻ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ስትለን የግንቡን ዋጋ የከፈለው ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳታመነታ መለሰችልኝ፤ ሁሉንም ታውቀው ኖሯል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እናንተን ደግሞ እኛ ወረርናችሁ» አለችኝ። በዚያ ጠዋት ከእርሷ የሰማሁት የመጀመሪያው አድራጊ ግስ ይህ ነበር።

ያ ቃሏ ወደ አገሬ መለሰኝ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ የምትባል የቀድሞ የቤተ እስራኤል መንደር አለች፤ የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ጎጆዎችና የሸክላ ምስል የሚሸጡ ሴቶች ያሉባት። ነዋሪዎቿ በ1984ና 85 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በተጓጓዙበት በሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ከሄዱት ወገኖች ናቸው። ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይውረስ የሚለው ቃል በዐፄ ይስሐቅ ዘመን እንደታወጀባቸው ይተረካል፤ መሬት የሌለው ሕዝብ ወደ እሳትና ወደ ጭቃ ዞሮ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆነ፤ በሠራው ማረሻ ያረሰ፣ በሠራው ድስት የበላ ጎረቤት ደግሞ ቡዳ አለው። ከዓመታት በፊት ሁለት የውጭ አገር እንግዶችን ወደዚያች መንደር ወስጄ ነበር፤ አስጎብኚያቸው እኔ ነበርኩ። አንዷ ሸክላ ስትገዛ ቆየችና እነዚህ ሰዎች ከእርሻ ይልቅ ይህን ሥራ የመረጡት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «መሬት ስላልነበራቸው ነው» አልኳት። እርሷም በማስታወሻ ደብተሯ ላይ እንደነገርኋት ጻፈችው።