መኪናዬ የት ያድራል?

ቤት ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ግድግዳ ማንኳኳት ነው። ለምን እንደሚያንኳኳ ራሱም አያውቅም። እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ልገዛ ስሄድ ያላንኳኳሁት ክፍል የለም። ቧንቧ ከፈትኩ። የሽንት ቤቱን ውሃ ለቀቅኩ። በረንዳ ላይ ወጥቼ "አየሩ ጥሩ ነው" አልኩ። ካርታውን አየሁ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣራሁ። ደላላው 2 በመቶውን እያሰበ ፈገግ አለ።

አንድ ነገር ብቻ አልጠየቅኩም፦ መኪናዬ የት ያድራል?

የሚያስጠይቅም አልነበረም። የወሰደኝ እሁድ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። ግማሹ ሰፈር ቤተክርስቲያን፣ ግማሹ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። ግቢው ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን ያሳርፋል። ለካ ቤት የሚታይበትን ሰዓት መምረጥ ራሱ የደላላ ሙያ ነው።

የገባሁ ዕለት ማታ 2 ሰዓት ላይ ቪትዜን ይዤ ስደርስ ሜዳው የለም። ሦስት ባዶ ቦታ አየሁና ደስ አለኝ። ጠጋ ስል በየመሐላቸው ነገር ተቀምጧል። አንዱ ጥቁር ድንጋይ። አንዱ ሲሚንቶ ተሞልቶ ብረት የተተከለበት የቀለም ጣሳ። አንዱ ነጭ የተቀባ ድንጋይ። ነጩን ልገፋ ጎንበስ ስል ጥበቃው ከየት መጣ ሳልል ከኋላዬ ቆመ።

"ጋሼ፣ እሱ ባለቤት አለው።"

"የታለ?"

"ጀርመን ነው።"

"መኪናውስ?"

"ሸጦት ነው የሄደው።"

በነጋታው ኮሚቴው ዘንድ ሄድኩ። የጋራ መኖሪያ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995ን አንስቼ፣ የጋራ መጠቀሚያ የሁላችንም ነው ብዬ ተከራከርኩ። ሰብሳቢው አዛውንት በትዕግስት ሰሙኝ። "አዋጁን እኛም እናውቀዋለን ልጄ" አሉ፤ "ድንጋዮቹን ግን ከቁልፉ ጋር ነው የተረከብናቸው።"

ቪትዟ ውጪ ማደር ጀመረች። አስፋልቱ ዳር ባቆማት ትራፊክ ታርጋ ይፈታል። ጨለማ ውስጥ ባቆማት ስፖኪዮ ይነቀላል። የመረጥኩላት የመንገድ መብራት ሥር ነው። እዚያ ደግሞ ጠራጊዎች አሉ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የመጥረጊያው እጀታ ጎማዋን ነካ ሲያደርግ መኪናዋ ትጮሃለች። እኔ ጋቢዬን ደርቤ ከአራተኛ ፎቅ እወርዳለሁ። ፊታቸውን በሻሽ የጠቀለሉ እናት ጎንበስ ብለው አገኛቸዋለሁ።

"ይቅርታ ልጄ፣ ከሥሯ ያለው ፌስታል አልወጣ ብሎኝ ነው።"

አቧራውን የሚበሉት እሳቸው፣ ይቅርታ የሚጠይቁትም እሳቸው። እኔ ቁልፌን ይዤ መቆም ብቻ።

ሎስ አንጀለስ ላለው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። "እዚህ እኮ ታቤላ አለው። የሚጠረግበት ቀንና ሰዓት ተጽፏል፤ መኪናውን ያላነሳ ይቀጣል። ቤት ከማየታችን በፊት ታቤላውን ነው የምናነበው።" ቀናሁ። እኛ ሰፈር ታቤላ ቢተከል ሥሩ ድንጋይ ይቀመጥበታል።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ግድግዳውን ተዉት። ማታ ሂዱ። ቡናውን ለደላላው ሳይሆን ለጥበቃው ጋብዙ። የቆሻሻ ገንዳው በየትኛው መስኮት ሥር እንደሆነም ጠይቁ። የቆሻሻው ክፍያ እንደሆነ ከውሃ ቢል ጋር ስለሚመጣ አያመልጣችሁም።

ድንጋዩን የሚያሸንፍ አንድ ነገር ብቻ አይቻለሁ፤ ድንኳን። ባለፈው ብሎካችን ላይ ሰው ሞተ። ዕድሩ ድንኳኑን ይዞ ሲመጣ ማንም ትንፍሽ ሳይል መኪናው ወጣ፣ ድንጋዩ ተነሳ። ለቅሶ ተቀምጬ ዓይኔ ጥግ ላይ አረፈ። የድንኳኑን ገመድ ወጥሮ የያዘው የጀርመኑ ነጭ ድንጋይ ነው። ሥራ ሲሠራ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ። ድንጋዮቹ እየተንከባለሉ ወደየቦታቸው ተመለሱ። በዚያ ግርግር መሐል እኔም ከአጥሩ ሥር ከበድ ያለ አንድ ድንጋይ መርጬ፣ በሁለት እጄ ታቅፌ መጣሁ። ጥበቃው አየኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ምን ቀለም እንቀባው?"