ፊልትሮ በእጅ ነው የሚታሰረው፣ ጎበዝ!

እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ። ከጭብጥ እምብዛም የማይበልጥ የዘይት ፊልትሮ፣ ያ ስስ ቆርቆሮ፣ ምን በድሏችሁ ነው እንደዚያ አጥብቃችሁ የምታንቁት? ሞተሩ ላይ ለዘላለም እንዲኖር ነው እንዴ? ዘይት ሲቀየር የሚወልቅ ዕቃ እኮ ነው!

የማወራው ስለ ሞተር ሳይክሌ ነው። አሮጌ ሱዙኪ ቪ ስትሮም 650። አዲስ አበባ ውስጥ የሚበዙት የህንድና የቻይና ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። የአንዳንዶቹ ፊልትሮ ሽፋን ስር የተቀመጠ ወረቀት ነው። ሁለት ሦስት ቡሎን ትፈታለህ፣ ሽፋኑን ታነሳለህ፣ በጣትህ ሳብ ታደርገዋለህ፣ አለቀ። የእኔ ግን እንደ መኪና ነው፤ ፊልትሮው ራሱ በጥርስ ይጠመዘዛል። የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ሞተሩ ፊት፣ ከጭስ ቧንቧው ጀርባ። ማን እንደነደፈው እንጃ፣ እጅ ያለው ሰው አይመስለኝም።

ባለፈው ዘይት ያስቀየርኩበት ጋራዥ (ስሙ ይቆየን) ያሰረልኝን ለመፍታት ቅዳሜዬ አለቀ። እጄን አስገብቼ ጠመዘዝኩ። እጄ ዞረ፣ ፊልትሮው አልዞረም። በጨርቅ ያዝኩት፤ ወይ ፍንክች። ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ) ቆርጬ ጠቀለልኩበት፤ ትንሽ ተስፋ ሰጠኝና ተንሸራተተ። ባለቀበቶውን የፊልትሮ ቁልፍ ሞከርኩ። እሱ ደግሞ ለመኪና የተሰራ ነው። ቀበቶው ፊልትሮውን ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ እጀታው ቧንቧውን ይመታል። የማዞሪያ ቦታ የለም።

ሞተሩን አሙቀው፣ ይላላል ይላሉ። እውነት ነው። ጥቂት ደቂቃ ሲሰራ የደረቀው ላስቲክ ይለሰልሳል። ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚግለው ያው ቧንቧ ነው! ክንዴ ላይ ያለውን ቃጠሎ ማየት የፈለገ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

ከዚያ መካሪው መጣ። ሞተር ሳይክል አጠገብ ተንበርክከህ ብቻህን መሆን እዚህ ከተማ አይታሰብም። የግቢያችን ዘበኛ "ልጄ፣ በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው" አሉኝ። አንዱ አላፊ አግዳሚ "ብሮ፣ ወደ ቀኝ ነው እኮ የሚፈታው!" አለ። በነገራችን ላይ ወደ ግራ ነው፤ ግን ከፊልትሮው ቂጥ በኩል ሆነህ ስታየው። ከላይ አጎንብሰህ እጅህን ስትሰድ ግራና ቀኝህ ይምታታል። ስንቱ ፈታሁ እያለ ጭራሽ ሲያጠብቀው ይውላል። ሌላው ደግሞ መምጣቱ የማይቀረውን ምክር ይዞ ከች አለ፦ "በካቻቪቴ ወግተህ አዙረው!"

ይሄን የካቻቪቴ ነገር እንነጋገርበት። ቆርቆሮው ስስ ነው ብያለሁ አይደል? ወግተህ ስታዞረው እንደ ሰርዲን ጣሳ ይቀደዳል፤ ፊልትሮው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። አሁን ምን ቀረህ? የተዘነጣጠለ ቆርቆሮ፣ ክንድህ ላይ የሚወርድ ጥቁር ዘይት፣ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ የቀረ ክብ ብረት። የትኛውም የፊልትሮ ቁልፍ አይይዘውም። ሞተሩ ጋ አስጠግተህ ከወጋህማ፣ ፊልትሮው የሚታሰርበትን ባለጥርስ ቧንቧ ታበላሻለህ፤ ወይም ላስቲኩ የሚያርፍበትን አሉሚኒየም ትጭረዋለህ። እሱ ከተጫረ አዲስ ፊልትሮ ብታስርም ያንጠባጥባል። ካቻቪቴ ሁሉም ነገር እምቢ ሲል ነው፤ ያውም ጫፉ አካባቢ፣ ከሞተሩ ርቀህ።

አሁን ወደ ጥፋተኛው። ዘይቱን የሚይዘው ጉልበት አይደለም፣ ፊልትሮው አፍ ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት ነው። ላስቲኩን አዲስ ዘይት ትቀባዋለህ። በእጅህ ታዞራለህ። ሞተሩን ከነካ በኋላ ብዙ ፊልትሮዎች 3/4 ዙር ጨምር ነው የሚሉት። የሱዙኪ መመሪያ 2 ዙር፣ ወይም 20 ኒውተን ሜትር ይላል። ለእኔ እሱም ይበዛል፤ ግን እሺ፣ መመሪያ ነው። 20 ኒውተን ሜትር ማለት 20 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ግድም ማንጠልጠል ነው። የእኔን ያሰረው ልጅ ራሱ ነው የተንጠለጠለበት! ላስቲኩንም ዘይት አላስነካውም። በደረቁ የታሰረ ላስቲክ ደግሞ ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ይሄዳል።

ሄጄ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጌታዬ፣ እንዳይፈታብህ ብዬ ነው።" እንዳይፈታብህ! ይኸው ለእኔም አልተፈታ!

ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ደንበኛው ሁሉ "ጠበቅ አድርግልኝ" ሲለው ነው የሚውለው። አንድ ጠብታ ከወረደች ይሰደባል። ቢያንቀው ግን ማንም አይናገረውም፤ ምክንያቱም የሚፈታው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው እኔ ነኝ።

በመጨረሻ የረዳኝ ፊልትሮው ቂጥ ላይ የሚገጠም ቆብ የመሰለ ቁልፍ ነው። ቧንቧውም አያግደውም፣ ፊት ለፊት ገብቶ ይይዛል። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሄጄ ስጠይቅ "ለምን መኪና ነው?" ይሉኛል፤ ለሞተር ሳይክል ስል ይስቃሉ። ከአንድ ወዳጄ ለመንኩ። ትንሽ ስለሚሰፋው መሃል ላይ ብርጭቆ ወረቀት ከተትኩ፣ ሸካራውን ጎን ወደ ፊልትሮው። ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ሳብኩ። ጧ!

አበቃ ስል ላስቲኩ የለም። ፊልትሮው ብቻውን ወጥቶ ላስቲኩ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ይሄን ሳያይ አዲሱን የደረበበት ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ? ሁለት ላስቲክ ተደራርቦ አይዘጋም። ሞተሩ ተነስቶ ግፊት ሲመጣ ዘይቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ እየነዳህ ከሆነ ደግሞ በንፋሱ ወደ ኋላ ጎማህ ነው የሚሄደው። በጥፍሬ ፍቄ አወጣሁት።

የአዲሱን ፊልትሮ ላስቲክ ዘይት ቀብቼ በእጄ አሰርኩት። ሞተሩን አስነስቼ ስሩ ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ። ጠብታ የለም። ለዚህ ፊልትሮ ልክ የሆነ ቆብ ቁልፍ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ወዳጄ የእሱን ሰኞ መልስ ብሎኛል።