«ሁለት ፈተና ለደካማ ነው» ላሉን

በቱሉ ዲምቱ በኩል በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለ አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ሰሞኑን በሩ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ አጭር ነው። የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ ለጀማሪ የኔትወርክ ባለሙያ በሚሰጠው ማረጋገጫ፣ በሲሲኤንኤ፣ ሥልጠና አጋማሽና መጨረሻ ላይ ይሰጡ የነበሩት ሁለት የውስጥ ፈተናዎች ቀርተዋል። ከዚህ ዙር ጀምሮ ያለው አንድ የተጠቃለለ የ120 ደቂቃ ፈተና ነው። ማስታወቂያውስ ይሁን፤ የሚያናድደው ለምን ብለው ለጠየቁ ሠልጣኞች የተሰጠው መልስ ነው፦ «ሲስኮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ፈተናውን አንድ አድርጎታል፤ ሁለት ፈተና ለደካማ ነው።»

ከኋለኛው ልጀምር። ሁለት ፈተና ለደካማ ከሆነ፣ ያው ሲስኮ ከሲሲኤንኤ በላይ የሚቀመጠውን ሲሲኤንፒን ለምን ለሁለት ከፈለው? አንዱ 120 ደቂቃ የሚፈጅ የጋራ ፈተና ነው፤ ሌላው 90 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ተፈታኙ የመረጠው ዘርፍ ፈተና። አንዱን ብቻ ያለፈም ባዶ እጁን አይመለስም፤ የዚያው ክፍል የስፔሻሊስት ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ሌላው ማረጋገጫ ሰጪ ድርጅት ኮምፕቲያም ኤ ፕላስ የተባለውን የኮምፒውተር ጥገና ማረጋገጫ እስከ ዛሬ የሚሰጠው በሁለት ፈተና ነው። እንግዲህ ሲሲኤንፒ የያዘ መሐንዲስ ሁሉ ደካማ ኖሯል፤ ነጋሪ አጥተን ነው።

የ2020ውም ክርክር ከዚህ አይሻልም። እስከ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ ተፈታኙ ምርጫ ነበረው፦ ወይ ሲሲኤንኤ ለሁለት የተከፈለባቸውን ፈተናዎች፣ አይሲኤንዲ 1ንና 2ን፣ እያንዳንዳቸውን በ165 ዶላር፣ ወይ የተጠቃለለውን በ325 ዶላር። የአምስት ዶላር ልዩነት! አይሲኤንዲ 1ን ያለፈ ሰው ሲሲኢኤንቲ የሚባል የራሱ ማረጋገጫም ነበረው። ሲስኮ ያንን ያነሣው ሴኪዩሪቲ፣ ዋየርለስ፣ ዳታ ሴንተር እየተባለ የተበታተነውን የሲሲኤንኤ ዝርዝር ጠራርጎ አንድ ሲያደርግ ነው እንጂ፣ ጀማሪ እንዴት ይማራል ብሎ እንቅልፍ አጥቶ አይደለም። ሲስኮ በዚህ ጉዳይ ፈታኝ ነው። ማሰልጠኛው ግን ከሠልጣኙ ብር የተቀበለው ሊያስተምር ነው። ፈታኙ ያደረገውን አስተማሪው መድገም አለበት ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሲሲኤንኤ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ሰብኔቲንግ ላይ፣ ማለትም አንድን ኔትወርክ ወደ ትናንሽ ንኡስ ኔትወርኮች መክፈል ላይ ነው፤ የወደቀ የሚመስለው ግን ሌላ ቦታ ነው። 192.168.10.0/24ን በ/26 ክፈሉት። የንኡስ ኔትወርኩን ወሰን የሚያሳየው ቁጥር፣ ማስኩ፣ 255.255.255.192 ነው፤ አራት ንኡስ ኔትወርክ ይወጣዋል፤ እነሱም ከ0፣ ከ64፣ ከ128 እና ከ192 ይጀምራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 64 አድራሻ ይደርሳል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስለማይሰጡ ለኮምፒውተር የሚቀረው 62 ነው። ይህን በስድስተኛው ሳምንት ያላጣራ ልጅ በአሥረኛው ሳምንት ኤሲኤል፣ ማለትም ራውተሩ ማንን እንደሚያሳልፍና ማንን እንደሚከለክል የሚዘረዝር ትእዛዝ፣ ጻፍ ሲባል ዋይልድካርዱን (የማስኩን ተገላቢጦሽ) ከ255 ላይ 192 ቀንሶ 63 ማለት ሲገባው፣ «የብሎኩ መጠን 64 ነው» ብሎ 0.0.0.64 ይጽፋል። ራውተሩ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። የስሕተት መልእክት የለም፣ ምንም የለም። ይህ መስመር ግን የሚያሳልፈው ሁለት አድራሻ ብቻ ነው፦ 192.168.10.0ን እና 192.168.10.64ን። ሁለቱም የኔትወርክ አድራሻ ስለሆኑ ኮምፒውተር ላይ አይሰጡም። ስለዚህ ሊፈቀድላቸው ከታሰቡት 62 ኮምፒውተሮች አንዱም አያልፍም፤ ኤሲኤሉ መጨረሻ ላይ ያለው፣ ሳይጻፍ የሚሠራው ክልከላ ሁሉንም ይጥላቸዋል። ልጁ ገመድ ይነቅላል፣ ቪላን (የስዊቹን ክፍፍል) ይፈትሻል፣ ትራንኩን (ስዊቾቹን የሚያገናኘውን መስመር) ያያል፣ የመለማመጃውን ፕሮግራም ፓኬት ትሬሰርን ዘግቶ ይከፍታል። በመጨረሻ «ኤሲኤል ይከብደኛል» ብሎ ይደመድማል። ኤሲኤል አልከበደውም! አንዲት ቅነሳ ናት የቀረችው፤ እሷም የምትታወቀው ገና ምንም ሳይገነባባት ብቻዋን ስትፈተን ነው። በተጠቃለለው ፈተና ውስጥ እንደ ኦኤስፒኤፍ፣ ናትና ዲኤችሲፒ ካሉ ሌሎች የሥልጠናው ርእሶች ጋር ተደባልቃ ማን ያገኛታል?

«የውጤት ወረቀቱ በየክፍሉ ያሳያል» የሚሉ አሉ። ያሳያል፤ ሴኪዩሪቲ ላይ ይህን ያህል በመቶ ይላል። ልጁም ሄዶ ሴኪዩሪቲ ያነባል። ለአንድ ወር የተሳሳተ ምዕራፍ!

ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት የሚከፈለው ደግሞ ቀላል አይደለም። የዓለም አቀፉ ፈተና ዋጋ 300 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ ዋጋ 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ነው። የወደቀ ሰው ከአምስት ቀን በኋላ መድገም ይፈቀድለታል፤ ለኮንዶሚኒየም ልጅ አምስት ቀኑ ሳይሆን ሌላው 40 ሺህ ነው ጉዳዩ።

መብራቱንም አንርሳ። በዳርቻው ሰፈር 120 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይፈተናሉ ማለት ምኞት ነው። መብራት ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ስዊቹ ላይ የተሠራውና ወደ ስታርትአፕ ኮንፊግ (ስዊቹ ሲነሣ ወደሚያነበው ቋሚ ፋይል) ያልተገለበጠው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ፓኬት ትሬሰር ላይ ከሆነ ደግሞ ፋይሉም ለብቻው ሴቭ መደረግ አለበት። የተቋረጠው የ60 ደቂቃ የአጋማሽ ፈተና ከሆነ ይደገማል፤ ሁሉንም የያዘ ፈተና ሲቋረጥ ግን የሦስት ወር ውጤት ነው የሚያጨቃጭቀው።

ኔትወርክ ላይ ዓመታት ለሠራና ወረቀቱ ብቻ ለጎደለው ሰው አንድ ፈተና ይበቃዋል፤ ይህን እቀበላለሁ። ማስታወቂያው የተለጠፈው ግን ለእሱ አይደለም።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። በ12 ሳምንት ሥልጠና ስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ የ60 ደቂቃ ፈተና ይሰጥ፤ ከውስጡ አሥር የሰብኔቲንግ ጥያቄ ይኑር፣ እያንዳንዱ በአንድ ደቂቃ፣ ያለ ካልኩሌተር፤ በእውነተኛው ፈተናም ካልኩሌተር አይገባምና። ከአሥሩ ስምንት ያላገኘ ወደ ራውቲንግ አይሻገር፤ ቅዳሜ ጠዋት ተመልሶ ይሥራ። ሁለተኛው ፈተና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በተግባር ሥራ (በላቦራቶሪ) ይያዝ፤ በየ20 ደቂቃውም አስተማሪው «ሴቭ አድርጉ» ይበል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ የፈተና ወረቀትና አራሚ ነው። ማሰልጠኛው የቆጠበው እሱን ከሆነ፣ «ለደካማ ነው» ከሚል «አራሚ የለንም» ብሎ ይለጥፍ።