«ሲስተም የለም» የሚሉት የት ሄዶ ነው?

ሐምሌ ነው፣ ፍኖተ ሰላም። አንድ የብድርና ቁጠባ ቢሮ ውስጥ ወረፋ ይዘናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም» አለች። ከፊቴ የቆሙ ጋቢ የለበሱ አባት «ልጄ፣ የት ሄዶ ነው? መቼስ ይመለሳል?» አሏት። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የማዳበሪያ ብር ሊያወጡ ሁለት ሰዓት በእግራቸው መጥተዋል።

ሙያዬ ኔትወርክ ነውና አላስችል ብሎኝ አስፈቅጄ ገባሁ። ሲስተሙ የትም አልሄደም። በሁለቱ ብሎኮች መካከል ተራ የመዳብ ኬብል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በአየር ላይ ተወጥሯል። ማታ መብረቅ ነበር። ፋይል ቁምሳጥኑ ላይ የተቀመጠው ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ሳጥን፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ጠጋ ሲሉት የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ቅያሪ የለም። የሚገርመው፣ ቢሮው በቅርቡ የኢንተርኔት ፍጥነቱን በእጥፍ አሳድጎ ነበር!

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ኔትወርክ ሲታሰብ ቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ሜጋ ነው?» ነው። «ሲቋረጥስ በሰዓት ምን እናጣለን?» የሚል ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ገንዘብ የሚከፈልበት መስኮት ብዙ ፍጥነት አይፈልግም፤ መቋረጥን ነው የማይችለው። ደብረ ማርቆስ ያለ የተማሪዎች ማደሪያ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ቪዲዮ ሲንቀረፈፍ ሁሉም ያማርራል፣ አንድ ሰዓት ቢጠፋ ግን ባዶ እጁን ገጠር የሚመለስ አባወራ የለም። እዚያ ፍጥነት ግዙ፣ አልከራከርም።

ሒሳቡን እንየው። 99 በመቶ የሚሠራ መስመር ሲሰሙት ደህና ይመስላል፤ በዓመት ግን ከ3 ቀን ተኩል በላይ ይጠፋል። 99.9 ሲሆን 9 ሰዓት አይሞላም። ብር የምትበላው ያቺ ከነጥቧ በኋላ ያለች ዘጠኝ ናት። ርካሹን መንገድ ግን የእኛው ተረት ያውቀዋል፦ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። ሁለት ባለ 99 መስመር ጎን ለጎን ቢኖሩ፣ ሁለቱም አብረው የሚጠፉበት ጊዜ በዓመት 53 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህ የሚሆነው ታዲያ አንዱን የገደለው ሌላውን ካልነካው ብቻ ነው። ሁለት ፋይበር (ዳታን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኬብል) በአንድ ቦይ ከቀበራችሁ፣ መንገድ የሚቆፍረው ኤክስካቫተር ባንዴ ይበጥሳቸዋል፤ በሁለት ዋጋ አንድ መስመር ገዛችሁ ማለት ነው። በሞባይል ዳታ የተያዘ መጠባበቂያም ቢሆን፣ ታወሩ ከኋላው በዚያው ፋይበር ላይ ከተንጠለጠለ ያው ነው።

የመብራቱንማ ተዉት። ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ኮሪደር ላይ ያለው ስዊች ግን ጨለማ ውስጥ ነው፤ ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር ያገናኘው የለማ። ስንቴ አይቻለሁ! ስዊችና ራውተር የሚበሉት ኃይል ትንሽ ስለሆነ አንዲት አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪዋ የምትተካ ሳጥን) ደህና አድርጋ ታቆያቸዋለች።

የፍኖተ ሰላሞቹ በኋላ ሰሙኝ። ወደ ድሮው ፓኬጅ ተመልሰው፣ በብሎኮቹ መካከል ፋይበር ዘረጉ፤ ብርጭቆ ነው፣ እንደ መዳብ መብረቅ ተሸክሞ አይገባም። ሁለተኛ ስዊችም ገዙ። እኔው አስተካክዬላቸው ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ባለፈው ስደውል ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠየቅኋቸው። ሥራ አስኪያጁ ኪስ ውስጥ ነው። እሱስ? ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄዷል።