ሻንጣ ሙሉ ዓይን

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ዓይን ይዞ እንደሚመጣ ያልሰማ ካለ ይስማ። እኔ ለእነዚህ ወገኖች እጅ ነስቻለሁ።

ቨርጂኒያ ያለውን የአክስቴን ልጅ ግን የሚስተካከለው የለም። እናቱ በስልክ «ዓይኔን ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል» ሲሉት፣ ሌላው ልጅ ቢሆን «ሐኪም ቤት ሂጂ» ብሎ ነገር ያበላሽ ነበር። እሱ ትልቁን የቫይታሚን ብልቃጥ ገዛ። ላዩ ላይ ዓይን ተስሎበታል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም ተመራማሪዎች ግን ነገር ያካብዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ቫይታሚን ሲና ኢ፣ ቤታ ካሮቲን፣ ዚንክና መዳብ ያለበት እንክብል ሬቲናቸው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) መሐል በእርጅና የመጣ ጉዳት መካከለኛ ደረጃ ለደረሰባቸው ሰዎች ጠቀመ፣ ወደ ከባዱ ደረጃ የመሸጋገር ስጋታቸውን 25 በመቶ ገደማ ቀነሰ አሉ። የዓይን ሞራንስ? ንክችም አላደረገው። በ2013 ደግሞ ቤታ ካሮቲኑ ሲጋራ ያጨሱ ለነበሩ ሰዎች ለሳንባ ካንሰር ያሰጋል፣ ሉቲንና ዚያዛንቲን በሚባሉ የዕፅዋት ቀለሞች ይተካ አሉ። ይኼ ሁሉ ዝርዝር ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ሉቲን እኮ ጎመን ውስጥም ሞልቷል። ግን ጎመንን ማን ያከብረዋል፣ አውሮፕላን አልተሳፈረ! (ጎመን በጤና ያሉት ሰዎች ሻንጣ ስላላዩ ነው።)

እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2006 በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። እሱን የሚገፈው ቀዶ ጥገና ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል፣ አለቀ። ምን ክብር አለው? ቡፌ ላይ አይደረደር፣ ለጎረቤት አይታይ። እናትን አንድ ቀን ሐኪም ቤት ወስዶ ወረፋ መጠበቅማ እዚሁ የቀረ ሰው ሥራ ነው።

የአክስቴ ብልቃጥ ግን ቡፌው መሐል፣ ከሠርጉ ፎቶ ፊት ተቀምጧል። ቡና ሲፈላ ለመጣው ሁሉ አንዳንድ ፍሬ ይታደላል፤ የጉልበት ሕመምተኛዋም፣ የስኳር ሕመምተኛዋም ትወስዳለች። ባለፈው እሑድ ስንጠጣ አክስቴ «ልጄ ያመጣልኝ የዓይን ነው፣ ፍቱን ነው፣ እንቺ» እያሉ እንክብሏን ከጎረቤታቸው መዳፍ አጠገብ፣ ረከቦቱ ላይ ጣሏት።