ወፍ ጠባቂ

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ይፋት ቆላ ነው። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ትምህርት ቤት ቀርቼ ማማ ላይ እወጣ ነበር። ወንጭፍ በእጄ፣ የድንጋይ ክምር በእግሬ ሥር። ግሪሳ ከመጣ ቀልድ የለም። አንድ ጠዋት ካንቀላፋህ የዓመት እህል ተበላ ማለት ነው። ስለዚህ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስተን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ «ሃይ! ሃይ!» ስንል እንውላለን። ሥራችን ስም ነበረው፤ ወፍ ጠባቂ።

አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ መተከሉ እንዲያው በአጋጣሚ እንዳልሆነ እዚህ ያደረ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ሰሞን ብርዱ ከአልጋ አላስነሳ ሲለኝ ስልኬ ላይ አንድ ዘጋቢ ፊልም አየሁ። እሱም ስለ ወፍ ጠባቂዎች ነው። ልዩነቱ፣ እነዚህኞቹ እህል ከወፍ አይጠብቁም። ወፏን ከሰው ነው የሚጠብቁት።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ፣ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. (በእኛ 2011 ዓ.ም.) ሁለት ትንንሽ ወፎች መጥተው ሞንትሮዝ የሚባለው የመዝናኛ አሸዋ ላይ እንቁላል ጣሉ። ሰዉም የቦታውን ስም ለሁለት ከፍሎ ወንዱን ሞንቲ፣ ሴቷን ሮዝ አላቸው። ዝርያዋ ፓይፒንግ ፕሎቨር ይባላል። የውሃ ዳር ወፍ ናት። (የባሕር ዳር ወፍ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ የጣና ሰዎች «የእኛ ናት» እንዳይሉኝ ፈራሁ።) መልኳ ደረቅ አሸዋ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ቀለበት፣ ክብደቷ 50 ግራም ገደማ። የአንዲት የዶሮ እንቁላል ያህል።

ጎጆ የሚባል ነገር አታውቅም። አሸዋውን ጫር ጫር አድርጋ ትንሽ ጎድጓዳ ታበጅና አራት እንቁላል ትጥላለች። ወንድና ሴት እየተፈራረቁ ወደ አራት ሳምንት ይታቀፋሉ። እንቁላሎቹ ራሳቸው አሸዋ ይመስላሉ፤ አጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ አይለያቸውም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። መረብ ኳስ የሚጫወተው፣ ውሻውን የሚያንሸራሽረው፣ ልጁን የሚያሯሩጠው ሁሉ ክፋት ሳይኖርበት ይረግጣቸዋል።

በእነዚያ ታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ ድሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች ነበሩ። በ1986 እ.ኤ.አ. «ሊጠፉ ነው» ተብለው በሕግ ጥበቃ ሲገቡ የቀሩት ከ20 ጥንድ አይበልጡም። በቅርብ ዓመታት ከ80 አልፈዋል። ቺካጎ ውስጥ ግን ከ60 ዓመት በላይ እንቁላል ጥለው አያውቁም ነበር። እንግዲህ ሞንቲና ሮዝ የመጡት ወደዚህ ከተማ ነው፤ ያውም በበጋ፣ ሰው እንደ ገበያ በሚፈስበት ቦታ።

ከተማው ምን አደረገ? ገመድ አጠረ። ጎጆው ላይ የሽቦ ቅርጫት ደፋበት፤ ወፏ ትገባለች፣ አውሬ አይገባም። በጎ ፈቃደኞች ተራ ገብተው ቀኑን ሙሉ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። በዚያው ዓመት እዚያው አሸዋ ላይ ብዙ ሺህ ሰው የሚጠበቅበት የሁለት ቀን ኮንሰርት ታስቦ ነበር። እሱም ቀረ። ቆይቶም ከተማው ከዚያ ዳርቻ ከአንድ ሄክታር በላይ ቦታ ጨምሮ ለተፈጥሮ ተወው።

ይህን ለጎረቤቴ ነገርኩት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰምተው ሰምተው ሳቁ።

«አንተ፣ ጤፍ ስንት እንደገባ ታውቃለህ? ወፍ ነው የምታወራኝ? ሰውስ ማን ጠበቀው?»

እውነት አላቸው። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አካባቢ፣ ስለ ወፍ መጻፍ ቅንጦት ይመስላል። ከቀየው የተፈናቀለ ሰው ባለበት ከተማ ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው። እና ለጋሼ መልስ የለኝም ብዬ ዝም አልኩ። ማታ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ፊልሙ ውስጥ ያየሁት ሥራ የትኛው ነው ገንዘብ የጠየቀው? ገመድ፣ ትንሽ ሽቦ፣ ወንበር፣ ተረኛ። ይሄ እኮ ማማ ነው። እኔ በስምንት ዓመቴ የሠራሁት ሥራ ነው፣ ፊቱን ቢያዞርም።

ደግሞም አንድን ቦታ ለተወሰነ ጊዜ ዘግቶ መጠበቅን ሰሜን ሸዋን የሚያስተምር የለም። መንዝ ጓሳ አለ። ከመሐል ሜዳ ወዲያ ያለው ያ ሰፊ ደጋ፣ ከ400 ዓመት በላይ እንደሚቆጠር በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። (ቄሮ ስል የቅርብ ዓመታቱን ፖለቲካ አይደለም፤ የመንዝ አባቶች ቃል ነው።) ባለ ርስቶቹ አለቃ ይመርጣሉ፣ ጓሳውን ለዓመታት ይዘጋሉ። ሣሩ ሲደርስ በአንድ ቃል ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለግጦሽ ይሆናል። እንደገና ይዘጋል። ከዚያ ሥርዓት ጋር ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እስካሁን ደረሱ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ በኋላ ግን የአካባቢው ሰው ራሱ ጉባኤ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰው። ጓሳን ያቆየው ተራ የገባ ገበሬ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ከተማው ነው። ስለ ወፍና አውሬ ሲነሳ ሁላችንም ጣታችን ወደ ጓሳ፣ ወደ አንኮበር ነው የሚቀሰረው። አንኮበር እርግጥ ይገባዋል። በ1976 እ.ኤ.አ. እዚያ ገደል አፋፍ ላይ የተገኘች ትንሽ ቡናማ ወፍ በዓለም ሁሉ የምትጠራው በአንኮበር ስም ነው። ስለ ደብረ ብርሃን ብትጠይቁ ግን መልሱ አንድ ነው፤ ወፍ የለም!

አለ እንጂ። በሬሳ ወንዝ ዳር ውረዱ። ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ግራጫ ቡናማ ይብራ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲግጥ ታያላችሁ። ልጆቹ ዳክዬ ነው የሚሉት። ክንፉን ሲዘረጋ ብቻ ነው የማንነቱ ምስጢር የሚወጣው፤ ውሃ ሰማያዊ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የትም የለም። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጀርባው ላይ አስደግፎ ሲራመድ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ይመስላል። እንቁላሉን መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው የሚጥለው። እንደ ሞንቲና ሮዝ ማለት ነው። የሚረግጠው ነገር ብቻ ነው የሚለየው። እዚያ መረብ ኳስ፣ እዚህ ከብት፣ ማጭድ፣ የጎረምሳ ድንጋይ፣ ከዚያም የቤት መሠረት።

ያ ሜዳ ለወፉ ብቻ አይደለም። ክረምት የሚወርደውን ጎርፍ የሚውጠው እሱ ነው። በጋ ላይ ድርቆሽ የሚገኘው ከእሱ ነው። በቅርቡ ስሄድ ችካል ተተክሎበት አየሁ። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ይህ ከተማ በምን ፍጥነት እየሰፋ እንደሆነ ስለማውቅ አልገረመኝም። ቤት አይሠራ አልልም። እኔም የተከራየሁት ቤት ትናንት ሜዳ ነበር። የምለው፣ ውሃ የሚተኛበት ዳርቻ እንኳ ካርታ ከመውጣቱ በፊት ይለይ። ጫጩት የሚወጣበት ጥቂት ወር ከብት አይግባበት። አጫጆቹ ከዚያ በኋላ ይጨዱ። ጠባቂ ከየት ይምጣ ለሚለኝ፣ ድንጋይ የሚወረውሩት ልጆች ራሳቸው አሉ። ወፍ ሲያባርር ያደገ ልጅ የወፍ ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃል። የት እንደምታርፍ፣ መቼ እንደምትመጣ፣ ጎጆዋ የት እንደሆነ። እኔም የማውቀውን ጥቂት ነገር የተማርኩት ማማ ላይ ነው።

የቺካጎው ነገር ሁሉ በሠርግ አለቀ ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። በ2021 እ.ኤ.አ. ስካንክ የሚሉት የሚገማ አውሬ፣ እንደኛ ሸለምጥማጥ ያለ ሌባ፣ በዚያ ሁሉ ጥበቃ መሐል ገብቶ አራቱንም እንቁላል በላ። ወፎቹ ግን እንደገና ጣሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሞንቲ ያንኑ አሸዋ ላይ ታሞ ሞተ። ሮዝ አልተመለሰችም። ሰው አለቀሰላቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ከጣሉት እንቁላል የተፈለፈለ ኢማኒ የሚባል ልጃቸው ግን ተመልሶ መጣ። ብቻውን ዓመታት ጠብቆ በ2024 እ.ኤ.አ. ሚስት አገኘ። ኢማኒ በስዋሂሊ እምነት ማለት ነው።

ይህን የመጨረሻውን ለጋሼ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። «ሚስት እስኪያገኝ ነው የጠበቁት?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ሥራ የፈታ አገር!» ብለው እንደገና ሳቁ።

በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ እጄን አውጥቼ ስለ በሬሳ ሜዳ ልጠይቅ ነው። ጋሼ ፊት ለፊት እንደሚቀመጡና ከሁሉ ቀድመው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን፣ በዚያ ሜዳ ድርቆሽ የሚያጭዱት እሳቸው ስለሆኑ፣ ችካሉን ማን እንደተከለው መጠየቃቸው አይቀርም።